ጭልፋው የሚመረቅበት ቀን

የመናፈሻው ሥራ አስኪያጅ በሕይወት ሳለ አበባ መሐል አረፍ ብሎ አያውቅም፤ ሞቶ ግን ተኛ። ከንቲባው የወቅቱን የአበባ ትዕይንት ሊከፍቱና አዲሱን ሐውልት ሊመርቁ በሚመጡበት ቀን ማለዳ፣ ከመብራት ምሰሶው ሥር ባለው የአበባ መደብ ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ተገኘ። አጠገቡ መሰላል ወድቋል፤ እጁ ላይ የጌጥ አምፖሎች ገመድ ተጠምጥሟል።

መርማሪዋ ስትደርስ የፖሊስ አዛዡ ጉዳዩን ጨርሶ ጠበቃት። ይህ ሰው ጫማውን የሚያስወለውለውን ያህል አእምሮውን ቢያስወለውል ኖሮ ከተማዋ ሌባ ባልኖራት ነበር። ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት ይህች ቀጭን ሴት ደግሞ ለቂል የሚሆን ትዕግሥት አልፈጠረባትም።

«መሰላሉን የገፋው የመብራት ሠራተኛው ነው» አላት አዛዡ በካቴና የታሰረውን ጎልማሳ እያሳያት። «የሟች ሚስት ወንድም ነው። ትናንት ሲጨቃጨቁ ያልሰማ የለም። ከንቲባው ሳይመጡ ይዘነው እንሂድ።»

«ሲገፋ ማን አየ?»

«ማየቱን ማንም አላየም። ግን እሱ ነው ያለችው የገዛ እህቱ ናት!»

እህትየው፣ ማለትም የሟች ሚስት፣ ደረቷን እየመታች ትጮኻለች። «ጋሼ ነው! ባሌን መቼ ወዶት ያውቃል? ገደለልኝ! ዕድሜ ልኩን እዚያው ይበስብስ!» እናት አባታቸው ሲሞቱ ትምህርቱን ጥሎ ያሳደጋት ይኸው ሰው ነበር። እሱ ካቴናውን ረስቶ እሷን እሷን ያያል።

«የአምፖሎቹ ገመድ የተላጠ ነው፣ እርጥብ አፈር ላይ አልዘረጋም አልኩት» አለ መርማሪዋ ስትጠይቀው። «ከሥራ አባረረኝ፣ ሰደብኩት፣ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። ብቻዬን ነው የምኖረው፤ ምስክር የለኝም።»

ሌላ ሰው ካልተገኘ የሚሄደው ወደ ወህኒ ነው፤ የገዛ እህቱ ቃል ከየትኛውም ማስረጃ ይበልጥ ይከብድበታል። በጭቅጭቅ ብቻ ሰው ማሰር ላም ባልዋለበት ኩበት መልቀም ነው ብላ መርማሪዋ አዛዡን ዞር በል አለችው።

ሬሳው ሲነሣ ጎንበስ ብላ አየች። ከሥሩ የተጨፈለቀ አበባ የለም። ያለው አፈር ላይ የቀሩ ክብ ክብ ጉድጓዶች ብቻ ናቸው።

አበቦቹን የምታስተክለው ባለሙያ ዳር ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«መደቤን አዩልኝ? ስንት የለፋሁበት!»

«ሰውየውም ሞቷል» አለቻት መርማሪዋ።

«አዎ፣ እሱም ያሳዝናል።»

«እነዚህ ጉድጓዶች ምንድን ናቸው?»

«የጣሳ ናቸው። አበቦቹን ከነጣሳቸው እንቀብርና አፈር እናለብሳለን፤ የጠወለገውን አውጥተን በሌላ እንድንተካ።»

«ጣሳዎቹን ያዟዙሯቸዋል?»

«ለምን ብዬ? እዚያ ሐውልቱ ሥር ብርሃን የሚገባው ከመንገዱ በኩል ነው፤ እዚህ ምሰሶው ሥር ግን በተቃራኒው። የሐውልቱ አበቦችም ዘንበል ብለው ለመንገደኛው ፊታቸውን ይሰጣሉ። እኔ የምፈልገውም ይህንኑ ነው።» ከዚያ ዕንባዋን ጠርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጠላት የሚፈልጉ ከሆነ ቀራፂውን ይጠይቁ። ሥራ አስኪያጁ ‹ከንቲባው ሪባኑን ቆርጠው እንደሄዱ ጭልፋህን መጋዘን አስገባዋለሁ› ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ጭልፋ የተባለው በሸራ ተሸፍኖ ምረቃውን የሚጠብቀው ሐውልት ነው። ቀራፂው «ሰማይን የምትሻ ነፍስ» ብሎ ሰይሞታል፤ ሕዝቡ ግን ሸራው ሳይለብስ ከሩቅ አይቶ ጭልፋ መሰለው፣ ስሙም በዚያው ጸደቀ። ከስስ ብረት የተሠራ፣ ውስጡ እንደ ሠሪው ባዶ የሆነ ነገር ነው።

ቀራፂው አንገቱን በሐር ሻርፕ ጠምጥሞ ከሐውልቱ ፊት ይንጎራደዳል። መርማሪዋን ሲያያት አንዲት አድናቂ የመጣችለት መሰለው።

«መጋዘን አስገባዋለሁ ያለኝ ለቀልድ ነው» አላት ስለ ዛቻው ስትጠይቀው። «የአበባዋን ሴትዮ ጠይቂያት። በመጪው ወቅት የፕላስቲክ አበባ አስተክላለሁ ብሏት ሲያስለቅሳት ነበር። ጥበብ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።»

«ከዚህ አበባ ጋር ሐውልቱ ያምራል» አለች መርማሪዋ እግሩ ሥር ወዳሉት እያየች።

ቀራፂው ፊቱ በራ። «አየሽ አይደል? አበቦቹ እንኳ ሥራዬን ነው የሚያዩት!»

እውነትም ጥቂቶቹ ፊታቸውን ወደ ሐውልቱ መልሰው ነበር። የቀሩት ሁሉ ጀርባቸውን ሰጥተውታል። በዓይኑ ሥራ የሚኖረው ቀራፂ ይህን አላየም።

«ከሐውልቱ ጀርባ ያለው ይህ በርስ?»

«ውስጡን ማንም አይነካብኝም። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው።»

መርማሪዋ ሁሉንም ለእንግዶች በተደረደሩት ወንበሮች ላይ አስቀመጠቻቸው። አዛዡ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

«ከመሰላል የሚወድቅ ሰው ‹አበቦች፣ ዞር በሉልኝ› አይልም» ብላ ጀመረች። «ሬሳው ሥር ግን አበቦቹ ቀድመው ተነሥተው ነበር። ስለዚህ አልወደቀም፤ ሰው ተሸክሞ አመጣው። አበቦቹስ የት ሄዱ?»

የአበባዋ ባለሙያ ብድግ አለች። «እኔን ነው የሚሉት? እኔ አበባዬን ላተርፍ...»

«ይቀመጡ። የጠፉት አበቦች ሐውልቱ ሥር ተተክለዋል። ከመንገዱ ፊታቸውን ያዞሩት እነዚያ ብቻ ናቸው። እርስዎ ቢተክሏቸው ኖሮ ከሌሎቹ ጋር ባስተካከሏቸው ነበር። ያመጣቸው ሰው ስለ አበባ ምንም አያውቅም።»

«ታዲያ ምን ሊያደርግላቸው ነው ከዚያ ነቅሎ እዚህ የሚተክለው?» አለ አዛዡ።

«እዚህ የነበሩት ስለተጨፈለቁ ነዋ! ሥራ አስኪያጁ ትናንት ወደ ማታ፣ የመብራት ሠራተኛውን ስላባረረ፣ አምፖሎቹን ራሱ ሊሰቅል መጣ። ሐውልቱ ፊት ከገዳዩ ጋር ተጣሉ፣ ተመታ፣ አበቦቹ ላይ ወደቀ። ሬሳው እዚያ ቢገኝ ፖሊስ ቦታውን ያጥራል፣ ምረቃውም ይቀራል። ስለዚህ ገዳዩ ከምሰሶው ሥር ደህና አበቦች አምጥቶ የሐውልቱን እግር አሳመረ። ምሰሶው ሥር ባዶ ቦታ ተረፈ፤ እሱን ደግሞ በሰው ሸፈነው። መሰላሉም ገመዱም እዚያው ነበሩ። የመብራት ሠራተኛው ቢገድል ኖሮ ለጭልፋ ውበት ምን አስጨነቀው? እዚህ መሐል ሬሳ ጥሎ ለሐውልት እግር የሚጨነቅ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ቀራፂው ሳቀ። «አበባ ወደ ሥራዬ ስለዞረ ነፍሰ ገዳይ ተባልኩ?»

«አበባ የሚያየው ፀሐይን ነው፤ እርስዎን አይደለም። ቁልፉን ይስጡኝ።»

አልሰጥም ሲል አዛዡ፣ ነፋሱ በየት እንደሚነፍስ ለማሽተት ብቻ የተፈጠረ አፍንጫ ስላለው፣ ቁልፉን ከነሻርፑ መነጨቀው። የሐውልቱ የኋላ በር ሲከፈት የተጨፈለቁ አበቦች ከነጣሳቸው ተንከባለሉ፤ በመጨረሻም ደም የነካው መዶሻ ወጣ።

«ሥራዬን ጭልፋ አለብኝ» አለ ቀራፂው። «ሕዝቡ ይበል፤ እሱ ግን እንዴት ጭልፋ ይለኛል? ... ለማንኛውም ከንቲባው ሲመጡ ሸራውን ግለጡት። ሰው አንዴ ይየው።»

ስለ ሟች አንዲት ቃል አልተናገረም፤ እስከ መኪናው ድረስ ዞር ዞር እያለ ያየው የነበረው ብረቱን ነበር።

ካቴናው ከወንድሟ እጅ ሲፈታ የሟች ሚስት እግሩ ላይ ወደቀች።

«ጋሼ፣ ይቅር በለኝ! ሐዘን አሳበደኝ። ምን እንደምል አላወቅኩም።»

እሱ የእጁን አንጓ አሻሸ። ብዙ ዓመት ልጄ ሲላት የኖረ ሰው ነው፤ ዕንባው መጥቶበት ዋጠው።

«ተነሺ። ባልሽን እቀብርልሻለሁ፤ ከሬሳ ጋር አልጣላም» አላት። «ከቀብር መልስ ግን ደጄን እንዳትረግጪ።»

በማግስቱ የሬሳ ሣጥኑን ከፊት ሆኖ ተሸከመ፣ አፈሩም ተመልሶ እስኪያልቅ ቆመ። ከዚያ እጁን ታጥቦ፣ እህቱ በተቀመጠችበት በኩል አልፎ ወደ ቤቱ ሄደ።