ያልተበሳው ጠመንጃ

«መብራቱን ቀጥ አድርገሽ ያዢዋ» አለ ሎረን። የመሰርሰሪያው ጫፍ በሞርሳው የብረት መንጋጋ የታሰረውን የአያታቸውን ጠመንጃ ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው።

ትሬሳ መብራቱን አጠፋችው።

«ምን ሆነሻል?»

«ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠመንጃ ጠጋኙ ሚስተር ኦስትሩድ ጋ ጎራ ብዬ ነበር። ስለ አባባ ጠመንጃ የጠየቀኝ ሰው የለም አሉኝ።»

ሎረን መሰርሰሪያውን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ተሰማ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ኅዳር፣ በአጋዘን አደን ሰሞን ነው። አያታቸው ዴልማር ቀኑን ሙሉ ጫካ ውስጥ ተቀምጠው አንድ ትልቅ ወንድ አጋዘን ፊት ለፊታቸው ቢቆም እንኳ ሳይተኩሱ ተመለሱ። እራት ላይ፣ የጠመንጃው የፊት ማነጣጠሪያ ጭጋግ ሆኖባቸው እንደነበር ነገሯቸው። በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ ከሆነ ጠመንጃውን ሸጠው አደን እንደሚተዉ ጨምረው ተናገሩ። ጠመንጃው የስዊድን ጦር ድሮ ይታጠቀው የነበረ ማውዘር ነው። ጦሩ አሮጌ መሣሪያዎቹን አውጥቶ ሲሸጥ የዴልማር አባት ገዙት፤ ከእሳቸው ወደ ልጃቸው አለፈ። ብረቱ ላይ ትንሽ ዘውድ ታትሞበታል። ጠመንጃው ከተሸጠ ሽማግሌው የአደን ሰሞን በመጣ ቁጥር መስኮት ሥር ተቀምጠው እንደሚውሉ ቤተሰቡ ሁሉ ገብቶታል።

በእንጨት መሰንጠቂያ የሚሠራው የትሬሳ ታላቅ ወንድም ሎረን ታዲያ ረጅም የማነጣጠሪያ መነጽር ገዝቶ መጣ። መነጽሩን ለመግጠም ብረቱ መበሳት ነበረበት። የመቀርቀሪያው እጀታም መነጽሩን እንዳይመታ ተቆርጦ መታጠፍ አለበት። የከተማው ጠመንጃ ጠጋኝ ኦስትሩድ ከዚህ ሌላ መላ የለም ማለታቸውንም ለአያቱ ነገራቸው። ሽማግሌው «ካለ ምን ይደረጋል፣ ብሱት» ብለው ፈቀዱ። ግን ከመውጣታቸው በፊት አውራ ጣታቸውን ዘውዱ ላይ ቀስ አድርገው አሳለፉ። ትሬሳን ወደ ኦስትሩድ የላካት ያ ጣት ነው።

መብራቱን መልሳ አበራችው። «ለምን ዋሸሃቸው?»

«መነጽሩን ገዝቼዋለሁዋ! ሌላ መላ አለ ቢሉኝስ ምን ላደርገው ነው?» ድምፁ ወረደ። «ደግሞስ፣ ጠመንጃውን ሲሸጡት ቁጭ ብዬ ልይ?»

ትሬሳ ለጠብ ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው፤ አሁን ግን ጠቡ አልመጣ አላት። ከቦርሳዋ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ኦስትሩድ የአደኑ ሰሞን እስኪያልቅ ያዋሷት አጭር መነጽር ነው፣ ከነማሰሪያው።

«ይኼ ከዓይን ራቅ ብሎ ነው የሚታይበት» አለች። «ከመቀርቀሪያው ፊት፣ የኋላው ማነጣጠሪያ ያለበት ቦታ ላይ ይታሰራል። እጀታውን አይነካም፣ የሚበሳም የለም። ካልተስማማን ፈትተን የድሮውን እንመልሳለን።»

«ይቺ? የሕፃን መጫወቻ እኮ ነው የምትመስለው።»

«አጋዘኑ የሚቆመው ዛፍ ሥር ነው፣ ጨረቃ ላይ አይደለም።»

ሎረን ሳይወድ ሳቀ። ጠመንጃውንም ከሞርሳው ፈታው።

ቅዳሜ ሦስቱም መነጽሩን ሊሞክሩ ጠጠር ወደሚወጣበት ጉድጓድ ሄዱ። ዴልማር እዚያ በነበረ ጠረጴዛ ላይ ተደግፈው ተኮሱ። የመጀመሪያው ጥይት ከዒላማው መሐል ብዙም አልራቀም። ሁለተኛው ወደ ግራ ሸሸ። ሦስተኛው ወረቀቱን ጨርሶ ሳተው።

«ብዬሽ ነበር» አለ ሎረን በለሆሳስ።

አያቷ መቀርቀሪያውን ከፍተው ጠመንጃውን በቀስታ አስቀመጡት። «ግድ የለም፣ ልጄ» አሉ። «ዓይኔ ነው።»

ትሬሳን ከሎረን ንግግር ይልቅ ይኼ ነው የጎዳት። ቀርባ መነጽሩን በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ ገፋ አደረገችው። ተነቃነቀ። የፀጉር ያህል ነው፣ ግን ተነቃነቀ።

«አባባ፣ ዓይንዎ አይደለም» አለች። «እኔ ነኝ። አላጠበቅኩትም።»

ጥፋቱ ወዲያው ገባት። ብሎኖቹን ስታስር የስንት ዘመን ቅባት ከድሮው ማነጣጠሪያ ቀዳዳዎች ውስጥ ሳትጠርግ ነው የቸኮለችው። በመጡበት መኪና ውስጥ ገብታ ሁሉንም ፈታች፣ ቅባቱን በጨርቅ ጠርጋ አደረቀች፣ በየብሎኑ ላይ የማጣበቂያ ጠብታ አደረገች። እጇ በብርድ ደንዝዞ ካቻቪቴው ይንሸራተትባት ጀመር። ሎረን ማንም ሳይጠይቀው ጎኗ ተቀመጠና ጠመንጃውን በጉልበቶቹ መሐል አጥብቆ ያዘላት። ማጣበቂያው እስኪደርቅ ከቴርሞሱ ሾርባ እየተቀባበሉ ጠበቁ።

ከዚያ በኋላ መነጽሩን እያስተካከሉ ተኮሱ። በመጨረሻ ዴልማር በተከታታይ የተኮሷቸው ጥይቶች የበሷቸውን ቀዳዳዎች ሁሉ አንድ መዳፍ ይሸፍናቸው ነበር።

ሽማግሌው ዒላማውን እንደገና በመነጽሩ አዩት። «ሁለቱንም ዓይኔን ገልጬ እኮ ነው የማየው» አሉ። ሳቃቸው ድምፅ አልነበረውም፣ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዴልማር መቀርቀሪያውን ከፍተው ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አዩ። ጣታቸው ያልተነካውን ብረት እየዳበሰ፣ «ለመሆኑ ኦስትሩድ በምን ሐሳቡን ቀየረ?» ብለው ጠየቁ። «መብሳት ግድ ነው ብሎ አልነበር?»

ቀለሆቹን ይለቅም የነበረው ሎረን ባለበት ቀረ። ቀና ብሎ ወደ እህቱ ተመለከተ። ለትሬሳ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃት ነበር፣ እውነቱም አፏ ላይ ደርሷል። እሱን የሚያድን ውሸት መፍጠርም አያቅታትም።

«ዒላማውን ላምጣ» አለች።

በረዶው ላይ ቀስ እያለች ሄደች። ከኋላዋ ሎረን፣ «አባባ…» ሲል ድምፁ ዝግ ብሎ መጣ። ወደ ኋላ አልዞረችም። ዒላማው ጋ ስትደርስ ጓንቷን አወለቀችና ወረቀቱን የያዙትን ሚስማሮች አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል መንቀል ጀመረች።