ውርጭ የመታው አገዳ

ሐዋ ዓሊዪ ያን ጨዋታ የሰማችው ገና የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ጣልያን ሐረር ከመግባቱ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ድሬ ጠያራ ባባቷ ቤት ከማሽላው ጎታ ጀርባ ተኝታ ሳለች፣ አባቷ ከጨርጨር ደጋ ከመጣ አንድ የከብት ነጋዴ ጋር ሲያወጉ ከእንቅልፏ ነቃች። እንግዳው ስለ ብርድ፣ ስለ ሞቱ በሬዎችና ስለ ማሽላ አገዳ ይናገር ነበር። ከንግግሩ የሚበዛው ጠፍቶባታል፤ «የገደላቸው ብርዱ አይደለም» ማለቱ ትዝ ይላታል፤ ቀጥሎም «እስከዚህ ድረስ አታብሉ» ያለው ነገር ነበረ፤ ዳሩ ግን እስከ ጁምዓ ይሁን እስከ ጨረቃዋ ማለቂያ፣ ዓመታቱ አምታተውባታል። ያልጠፋት ድምፁ ነው፤ ሰውዬው ደረቅ የማሽላ ቅጠል በመዳፉ ጨብጦ ሲያደቀው የተሰማው ኮሽታ፤ አባቷም «እንዲህ እስኪል በለኛ» ብለው የመለሱለት።

ይህ ወሬ አርባ ዓመት ያህል የሚጠይቀው አጥቶ ተቀመጠ።

በ፲፱፻፵፰ ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ የግርማዊነታቸው ዘውድ የተጫነበት ሃያ አምስተኛ ዓመት የሚከበርበት ቀን ሲቃረብ፣ የሐረር አደባባይ ፈረስ መጋላ በሰንደቅ ዓላማ ተሸለመ፤ ከየወረዳውም ለግብሩ የሚሆን ሰንጋ እንዲቀርብ ትእዛዝ ወጣ። ከድሬ ጠያራ ዐሥር በሬ ተጠየቀ፤ የማቅረቡም ኃላፊነት በአካባቢው ቆሮ፣ ማለት በባላገሩ ሹም፣ በሐዋ ወንድም በሙሜ ዓሊዪ ላይ ወደቀ። በሬዎቹን የሚረከቡት ባላምባራስ እንደሻው ዘውዴ ነበሩ፤ አያታቸው ከሸዋ ዘምተው የመጡ፣ እርሳቸው ግን በሐረር ግንብ በጁገል ውስጥ ተወልደው ያደጉ፣ ደግ ቢሆኑም ለሹመታቸው በጣም የሚጨነቁ ሰው ናቸው። ሰንጎቹንም ሐኪም ከሚባለው ጋራ ግርጌ ባለ ግልጥ በረት አሰሩ።

ከዐሥሩ አንዱ ዳለቻ የተባለው የሐዋ በሬ ነበር። በዚያ አገር ሰንጋ ሜዳ ተለቅቆ አይደልብም፤ ደጅ ታስሮ፣ የማሽላው እሸት ቅጠል እየተሸለቀቀ፣ በእጅ እየጎረሰ ወራት ይቀለባል። ሐዋ ባሏ ከሞተ ወዲህ ዳለቻን እንዲህ ስትቀልብ ሁለት ክረምት አሳለፈች። «ለግብር ነው የቀለብኩት፤ የእስላሙ ድንኳን ውስጥ ቢስሚላህ ተብሎበት ይታረዳል፤ ከዚህ የበለጠ ምን እፈልጋለሁ?» ትል ነበር፤ ያም ሆኖ የወሰዱት ዕለት ገመዱን ለመልቀቅ ዘገየች።

ማክሰኞ ጥቅምት ፲፬ ቀን ሲነጋ አገሩ ነጭ ሆኖ ተገኘ። ሽማግሌዎቹ እንኳ በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ አመዳይ በሐረር ዙሪያ አላዩም። የቆላ ከብት ጠጕሩ ስስ ነው፤ ጀርባውን አጉብጦ፣ ጠጕሩን አቁሞ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ፍየሎች አንዱ ባንዱ ላይ ተደራረቡ፤ የሚታለቡት ላሞችም ጡታቸው ነጠፈ። ፀሐይ ስትበረታ ደግሞ ያልታጨደው ማሽላ ቅጠሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተኝቶ ጠቈረ። ሰው ሁሉ፣ መና ሳይቀር ለከብት ይሁን ብሎ ማጭዱን አንሥቶ ወጣ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጎረቤቷ አደም ከከተማ እያለከለከ መጣ።

«ከሰንጎቹ አንዱ ሞተ፤ አፉ አረፋ ደፍቆ፣ በቆመበት ተንገዳግዶ ወደቀ። ባላምባራስም የበዓሉን በሬ መርዘውብኝ ይሆናል ብለው ሙሜን ይዘው አስቀመጡት።»

«ምን ሲበላ ነው የሞተው?»

«ምን ይበላል? ትናንት የታጨደውን አገዳ ነዋ። በጋሪ አስጭነው ለበሬዎቹ አስቀረቡላቸው።»

ያ ኮሽታ ከአርባ ዓመት በኋላ ሐዋ ጆሮ ውስጥ ተሰማ። ውዱዕ አድርጋ ሁለት ረከዓ ሰገደች፤ ከማሳዋም አንድ የጠቈረ ቅጠል ቀንጥሳ፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መንገድ ገባች።

ሐኪም ጋራ ስትደርስ ባላምባራስ ከበረቱ አጠገብ ባለው ቤት በረንዳ ላይ ካፖርታቸውን ደርበው ተቀምጠዋል፤ ሙሜም ካጠገባቸው፤ እስረኛና አሳሪ ከመምሰል ይልቅ በአንድ ሐዘን የተቀመጡ ሰዎች ይመስሉ ነበር።

«አዴ ሐዋ፣ ወንድምሽን ልትጠይቂ መጣሽ? ደኅና ነው፤ ሻይም ጠጥቷል» አሉ ባላምባራስ፣ በአገሩ ወግ እንደ እናት «አዴ» ብለው አክብረው።

«ወንድሜን በኋላ አየዋለሁ፤ አስቀድመው በሬዎቹን ያሳዩኝ።»

በረቱን የሚጠብቀው ወልደሚካኤል በሩን እየከፈተ ሣቀባት። «ያንቺስ በሬ መኰንን ነው፤ ከኛ እጅ አልበላም ብሎ ይኸው ከትናንት ጀምሮ ፊቱን አዙሮ ቆሟል። ባዶ ሆዱን ነው ያደረው።»

ዳለቻ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅዋን ሲሰማ ግን ጆሮውን አቀና። ሐዋ እጇን ግንባሩ ላይ አሳርፋ ጠየቀች፤ «የሞተውስ?»

«እሱማ ሆዳም ነበር። የራሱን ጨርሶ የጎረቤቱን ይሻማል።»

«እነዚያ ሁለቱ የሚያለከልኩትስ?»

«የሻማቸው እነሱን ነው፤ የተረፋቸውን በሉ።»

«በታች ያሉት ስድስቱ ጤነኞች ናቸው።»

«ለነሱ ጋሪው ሳይደርስ አለቀ፤ ደረቅ ሣር ጣልኩላቸው።» ወልደሚካኤል ይህን ከተናገረ በኋላ ፈገግታው ቀስ ብሎ ከፊቱ ጠፋ።

ባላምባራስ ከኋላ ደርሰው ሁሉንም ሰምተዋል። «እንግዲያው ብርዱ ነው» አሉ።

«ብርዱ ቢሆን ኖሮ የሚቀድመው የኔ ዳለቻ ነበር፤ አንዲት ቅጠል ሳይቀምስ ውርጭ ላይ ያደረ እርሱ ነው። የገደለው አገዳው ነው፤ ውርጭ ሲመታው መርዝ ያወጣል። ልጅ ሆኜ አባቴ ቤት አንድ የጨርጨር ሰው ሲናገር ሰምቻለሁ።»

«ምን አለ? ደኅና አድርገሽ ንገሪኝ።»

«ወላሂ ቃሉን ሁሉ አላስታውሰውም። ቀኑንም ረስቼዋለሁ፤ ቅጠሉ በእጅ ሲጨበጥ እስኪንኮሻኮሽ ድረስ እንዳይበላ ማለቱን ግን አልረሳሁም። ያኔ መርዙ ይለቀዋል።» የነጠላዋን ቋጠሮ ፈትታ የጠቈረውን ቅጠል ሰጠቻቸው። ባላምባራስ ጨበጡት፤ እርጥብ ነበር፤ ምንም ድምፅ አላሰማም።

መዳፋቸውን ከፍተው ቅጠሉን ተመለከቱ። «ያሳጨድኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ብርድ ስለ በረታባቸው እጥፍ ስጡልኝ ያልኩትም እኔ ነኝ።»

«እኔም ቤቴ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር፤ መና ይቅር የሚል ማን አለ?»

ወልደሚካኤል አገዳውን ሁሉ አውጥቶ እንዲዘረጋ፣ ለበሬዎቹ የአምናው ገለባና ደረቅ ሣር እንዲመጣ፣ ጀርባቸውም የቡና ጆንያ እንዲለብስ ባላምባራስ ያን ጊዜውኑ አዘዙ።

«ሣር ብቻ በልተው ለበዓሉ ከስተው ቢቀርቡ ምን እላለሁ?» አሉ ግን እያመነቱ።

«ቆመው ይቀርባሉ ባላምባራስ።»

ሙሜ ተለቀቀ፤ ሐዋም ለዳለቻ ገለባውን በእጇ አጎረሰችው፤ በላ። ነገሩ በዚህ ሊያልቅ ይችል ነበር፤ ሐዋ ግን አልሄደችም።

«የኛ በሬ ዳነ፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ያገሩ ሰው ሁሉ አሁን፣ በዚህች ሰዓት ያንኑ እያጨደ ነው። በአዋጅ ይነገርልን።»

ባላምባራስ ፊታቸው ተለወጠ። የግብሩን በሬ የገደለው ያስጫኑት አገዳ መሆኑ በአዋጅ ከተነገረ፣ ወሬው ጠቅላይ ግዛት ጽሕፈት ቤት ከእርሳቸው ቀድሞ ይገባል። «በብርድ ሞተ ተብሎ ይጻፍና ይለፍ» አሉ።

«ይጻፍ፤ መዝገብ የሚያነብ በሬ የለም። ለሚያበላው ሰው ግን እውነቱ ይነገረው።»

ሙሜ ሣቁን ለመሸሸግ አንገቱን ደፋ፤ ባላምባራስ ግን ራሳቸው ቀድመው ሣቁ።

የዚያ ዓመት የበዓል መዝገብ ስለ ድሬ ጠያራ የያዘው ቃል አንድ መስመር ነው፤ ዘጠኝ ሰንጋ ቀረበ፣ አንድ በብርድ ምክንያት ጎደለ ይላል። ሁለቱ ያለከለኩት መዳናቸውን አይልም፤ ዳለቻ የቡና ጆንያ ለብሶ ወደ እስላሙ ድንኳን መሄዱን፣ ገመዱንም እስከ መጨረሻው ሐዋ መያዟን አይልም። በሬዎቻቸው በደጃቸው የተረፉላቸው ባላገሮችም ስሟን የሚጽፍ ጸሐፊ አልነበራቸውም፤ ከዚያ ወዲህ ግን በዚያ ቀበሌ አመዳይ በወረደ ቁጥር ሰው አገዳ ከማቅረቡ በፊት ቅጠል ጨብጦ ጆሮውን ያቀርባል፤ ይህን ልማድ ማን እንዳመጣው የሚጠይቅ የለም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ባላምባራስ እንደሻው ከመቀመጫቸው ተነሥተው ካፖርታቸውን ቆለፉ።

«አዋጅ ነጋሪው ብቻውን ቢናገር አያምኑትም» አሉ። «ነገ ፈረስ መጋላ አብሬው እቆማለሁ። አንቺ ደረቁንና እርጥቡን ቅጠል አምጪልኝ አዴ ሐዋ፤ የትኛው እንደሚንኮሻኮሽ በገዛ እጄ ጨብጬ አሰማቸዋለሁ፤ በሬውን የገደልኩትም እኔ መሆኔን እነግራቸዋለሁ።»