እሜቴ አፍንጫ

ልጅቷ የጀልባዋን መዝጊያ ገፋ አድርጋ አንገቷን ወደ ውስጥ እንዳሰገገች ክው አለች። ሽታው አልጠፋም። እንደ መጀመሪያው ቀን አፍንጫ የሚያሲዝ አይደለም፤ ስስ ነው፣ ከአልጋው ሥር ሽው እያለ ይመጣል። ግን አለ። ሽንት ቤት፣ ሽንት ቤት ይላል።

አክስቷ «ድመት» ትላታለች። ዕድሜዋ አሥራ አራት ቢሆንም ቀጭን ስለሆነች፣ ሰው የማይገባበት የጀልባ ጥጋጥግ ሁሉ ትሾልካለች። ትምህርት በማይኖርበት ቀን አክስቷ የምታጸዳቸውን ባለሸራ ጀልባዎች አብራት ታጸዳለች። ይህችኛዋን ለሦስት ቀን ነው የታገሏት። ፍራሾቹን አውጥተው ፀሐይ ላይ አሰጡ፣ ግድግዳውን በኮምጣጤ ወለወሉ፣ ከወለሉ ሥር የተጠራቀመውን ጥቁር ውሃ በጣሳ እየቀዱ በባልዲ አወጡ። ትናንት ከሰዓት አክስቷ ከላይ ሆና «ጠፋ አይደል?» ስትላት፣ ድመት ከውስጥ ሳትወጣ «ጠፍቷል» አለቻት። አክስቷም ያንን ይዛ ለባለጀልባው ደወለች።

ስህተቱ እዚያ ላይ ነበር። ሽታ ውስጥ አንድ ሰዓት የቆየ አፍንጫ ይለምዳል፤ የለመደ አፍንጫ ደግሞ ምስክር አይሆንም። የአክስቷ የመጀመሪያ ሕግ ይኸው ነው። ከመፍረድሽ በፊት ወደ ላይ ውጪ፣ ነፋስ ሳቢ፣ ከዚያ ተመለሺ። ድመት ይህን በደንብ ታውቀዋለች። ግን ደክሟት ነበር፣ ጓደኞቿም የት ቀረሽ እያሉ ስልኳን ሲያጨናንቁት ነበር።

በጀልባ ማቆሚያው ያሉ ሰዎች አክስቷን «እሜቴ አፍንጫ» ይሏታል። ሌላው ሽቶ ነፍቶ የሚያስረክበውን ጀልባ፣ እሷ የሽታውን ምንጭ ሳታገኝ አትለቅም። ሰዎቹ የማያውቁት ነገር ቢኖር ያ አፍንጫ ሥራ ካቆመ ዓመት እንዳለፈው ነው። ከባድ ጉንፋን ይዟት ከዳነች በኋላ አንድ ቀን ወተት ምድጃው ላይ ሲያር፣ አክስቷ ጀርባዋን ሰጥታው ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ድመት ገብታ ምድጃውን አጠፋች። ከዚያ ወዲህ አክስቷ «አይደል?» ትላለች፣ ድመት ትመልሳለች። ስለ ጉዳዩ አንድም ቀን አውርተው አያውቁም።

አሁን ድመት ምን እንደምትል ገና ሳትወስን ባለጀልባው ደረሱ። ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው፤ ባለቤታቸውም አብረዋቸው መጥተዋል። ሴትዮዋ ጀልባዋ ውስጥ መግባት ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ሽታው ያጥወለውላቸዋል፤ መምህሩ ደግሞ እኔን ምንም አይሸተኝም፣ ያንቺ ሐሳብ ነው እያሉ ሲከራከሯቸው ኖረዋል። ዛሬ ግን ሸራቸውን ዘርግተው አብረው ሊወጡ ተስማምተዋል። ሴትዮዋ የእንጨቱ መተላለፊያ ላይ ቆመው ጫማቸውን አወለቁ፣ ግን አልተሳፈሩም።

«እርግጠኛ ነሽ?» አሏት አክስቷን። «ዛሬም ካመመኝ ሁለተኛ እግሬ አይረግጣትም።»

አክስቷ ሽቶ የሚባል እንዳላስነካች፣ ምንም እንዳልሸፋፈነች ነገረቻቸው። ከዚያ እንደ ልማዷ ወደ ድመት ዞር አለች።

«አይደል?»

«አዎ» ማለት አንዲት ቃል ናት። ሽታው ስስ ነው፤ መስኮቶቹ ተከፍተው ነፋስ ሲገባ ላይታወቅም ይችላል። አልጠፋም ካለች ደግሞ፣ እሜቴ አፍንጫ ይህን እንዴት ሳታሸት ቀረች መባሉ አይቀርም። ከዚያ በኋላ ማን ጀልባውን አምኖ ለአክስቷ ይሰጣል? አክስቷ ዓይኗን ከድመት ላይ አልነቀለችም፤ የምትላትን ሁሉ ለማመን ተዘጋጅታ ነበር።

«አልጠፋም» አለች ድመት። «ትናንት ወደ ላይ ሳልወጣ ነው ጠፍቷል ያልኩሽ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

መምህሩ ሳቅ አሉ። ልጅ ምን ታውቃለች፣ ይልቅ አንቺው ራስሽ ግቢና አሽትቺ አሏት አክስቷን። የአክስቷ ፊት ልውጥውጥ አለ።

ድመት ወደ ውስጥ ተመለሰች። ለሻይ ከያዙት ፔርሙስ ሙቅ ውሃ ጨርቅ ላይ አፈሰሰች፣ ጨመቀችው፣ በሆዷ እየተሳበች ከአልጋው ሥር ገባችና ከጀልባዋ ሽንት ቤት በሚወጣው ወፍራም የጎማ ቱቦ ላይ ጠቀለለችው። እንዲህ ያለ ጎማ ሲያረጅ ጠብታ ሳያፈስ ሽታ ብቻ ያሳልፋል፤ ሙቅ ጨርቅ ደግሞ ያንን ሽታ ይስበዋል። ይህንንም ያስተማረቻት አክስቷ ናት። ጨርቁ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀች፣ ከዚያ ይዛው ወጥታ ለሴትዮዋ ሰጠቻቸው።

ሴትዮዋ ወደ አፍንጫቸው ጠጋ አድርገው ወዲያው አራቁት።

«ይሄ ነው» አሉ። ጨርቁን ወደ ባላቸው አዞሩት። «የኔ ሐሳብ ይኸውልህ፤ አሽትተው።»

መምህሩ አሸተቱ። ፊታቸው ተጨማደደ።

«ልጅ ምን ታውቃለች አሉ፣ ጋሼ» አለች አክስቷ ረጋ ብላ። «የኔ አፍንጫ ከከዳኝ ዓመት አልፎታል፤ ደብቄያችሁ ነው። ዓመቱን ሙሉ እሜቴ አፍንጫ ስትሉ የነበረው እሷን ነው።»

ድመት ወዴት እንደምታይ ግራ ገባት። ሰው ፊት እንዲህ ተብሎላት አያውቅም። ኩራት ደረቷን ሞላው፤ የትናንቱ ስህተቷ እንኳ አላሳነሰውም። ሴትዮዋ እኔስ ከእናንተ ሌላ ሰው አልጠራም፣ እስክትጨርሱ እንጠብቃለን ሲሉ፣ መምህሩ አዲስ ጎማ ከመሣሪያ ሱቁ ሊያመጡ ቀድመው ተነሥተው ነበር።

ድመትና አክስቷ አሮጌውን ጎማ ቆርጠው አወጡ፣ አዲሱን አስገቡ፣ ማሰሪያዎቹን በካቻቢቴ አጠበቁ፣ ሥሩን እንደገና በኮምጣጤ አጠቡ። ሲጨርሱ ቀትር ሆኗል። ድመት አቧራ በአቧራ ሆና ከአልጋው ሥር ስትወጣ ሁሉም እሷን እየጠበቁ ነበር። ሴትዮዋ ጫማቸውን አሁንም በእጃቸው ይዘዋል።

«ጠፋ አይደል?» አለች አክስቷ።

ድመትን ምንም የሚሸታት ነገር አልነበረም። ቢሆንም የለመደ አፍንጫ ምስክር አይሆንም። በመሃላቸው አልፋ ከጀልባዋ ወረደች፣ የእንጨቱን መተላለፊያ እስከ ጫፉ ሄደችና ጀርባዋን ሰጥታቸው ቆመች። ከውሃው የሚመጣውን ነፋስ በረጅሙ ሳበች። መምህሩ አንድ ነገር ሊሉ ሲሉ አክስቷ እጇን አንሥታ ዝም አሰኘቻቸው። ድመት ሳትቸኩል አሥር ጊዜ ተነፈሰች፤ ከዚያ ወደ ጀልባዋ ተመለሰች።