የወረንጦው ማግኔት

አናጢው የመነጽር ማኅደሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጥቁር ነው፤ ጠርዙ የተላጠ። በቦግና ኪስ ውስጥ ያለውም ቁርጥ እሱን ነው። አሠራሩ ቀላል ነበር፤ የራሷን ታስቀምጣለች፣ የእሱን አንስታ ትወጣለች።

እጇ ግን ከኪሷ አልወጣም።

ወተት ቤቱ፣ የዋርሶ ርካሽ ምግብ ቤት፣ በምሳ ተመጋቢ ተጨናንቋል። መስኮቱ ሥር አንድ ባለ ቆዳ ኮት የቀይ ሥር ሾርባውን ያማስላል። አይጠጣም።

«ምን ትጠብቂያለሽ፣ ድርጭት?» አለ አናጢው። «አናጢ» እና «ድርጭት» የምስጢር ስሞቻቸው ናቸው። እሱ የአንድ ምዕራባዊ ኤምባሲ የንግድ ሠራተኛ ነው፤ ፖላንድኛውን ግን እንደ ዋርሶ ታክሲ ነጂ ያቀላጥፈዋል።

«ዕቃው የማይረባ ነው።»

«አላመጣሽውም?»

«አምጥቻለሁ። ግን ማግኔት አይደለም።»

አናጢው ሹካውን አስቀመጠ።

ቦግና የቴክኒሻን ካባ ለብሳ ቤተ ሙከራው ከገባች ሁለተኛ ክረምቷ ነው። ዶክተር ዜኖን ግኔቮሽ ጥፍር የሚያክሉ የሴሚኮንዳክተር ስባሪዎችን ይሠራል፤ እሷ በፈሳሽ ሂሊየም ታቀዘቅዝለታለች። ማንጋኒዝ የተቀላቀለባቸው ስባሪዎች ማግኔት ይሆናሉ፤ ያውም አየር በሚያረጋ ብርድ ውስጥ ብቻ። ባለፈው መኸር ግን አንዱ ስባሪ በተራው የክፍሉ ሙቀት ማግኔት ሆኖ ተገኘ። ይህ እውነት ከሆነ የኮምፒዩተርንም የሚሳይልንም ዓለም ይገለብጣል። ቦግና ለአናጢው ነገረች። ከዜኖንም ጋር ውል ተገባ። ስባሪው ይወጣል፤ ዜኖንም ቪየና ወዳለችው ሚስቱ ይወጣል።

ዛሬ ጠዋት ዜኖን የልኬት ወረቀቱን ዘርግቶ ሲስቅ አገኘችው። ሳቁ ደስ አይልም ነበር።

«ይዩት፣ ወይዘሮ ቦግና! እውነተኛ ማግኔት ቢሆን ኖሮ በውስጡ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ወደ ጎን ይገፋው ነበር። መስመሩ እዚህ ጋ ይታጠፍ ነበር። ይኸው እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሏል። ማግኔቱና ኤሌክትሪኩ አንድ ቤት እየኖሩ አይተዋወቁም!»

«ታዲያ ማግኔቱ ከየት መጣ?»

«ከጠርዙ። አንድ ጅል በብረት ወረንጦ ቆንጥጦታል። ስንለካ የከረምነው የብረት ብናኝ ነው! እዚህ ክፍል ከፕላስቲክ ወረንጦ ሌላ እንደማይገባ የጽዳት ሠራተኛዋ እንኳ ታውቃለች። ማን ይሆን ይህ ጅል?»

ቦግና ወረቀቱን አጣጠፈች። መኸር ላይ በምሳ ሰዓት ስባሪዎቹን ተደብቃ ፎቶ ስታነሳ፣ የያዘቻቸው በቅንድብ መንቀያ የብረት ወረንጦዋ ነበር። ከቦርሳዋ ያወጣችው። ቸኩላ።

«አሁንም ይፈልጉኛል ይመስልዎታል?» አለ ዜኖን፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«እጠይቃቸዋለሁ።»

አሁን እየጠየቀች ነው።

«እሱ ነው እንዲህ በይ ያለሽ?» አለ አናጢው።

«መሣሪያው ነው ያለው። ላም ባልዋለበት ኩበት እየለቀምን ነው።»

«እኔ የታዘዝኩት ኩበቱን እንዳመጣ ነው።»

«እሺ ውሰደው። ዜኖንን ግን አሳፍረው። የቪየናው ባቡር ሊደርስ ነው።»

አናጢው ሰሃኑን ገፋ አደረገ። ዓይኑን ከቦግና አሸሸ።

«ምን አደረግህ?»

«ዕቃው ድንበር እስኪሻገር ፖሊሶቹ የሚያሳድዱት ሰው ያስፈልጋቸዋል። የዜኖን ፓስፖርት የሐሰት መሆኑን ሰምተዋል።»

ከራሱ ከአናጢው ነው የሰሙት።

ፓስፖርቱን ትናንት ለዜኖን በእጇ የሰጠችው ደግሞ እሷ ነበረች።

«መስኮቱ ሥር ያለውን አየሽው?» አለ አናጢው፣ አፉን እየጠረገ። «ማኅደሩን ካስቀመጥሽ የእኔ ሰው ነው፤ በሰላም ትወጫለሽ። ካላስቀመጥሽ የእነሱ ይሆናል። ለእሱ ሁለቱም አንድ ነው፣ እኔም እነሱም እንከፍለዋለን።»

ቦግና አስቀመጠች።

የእሱን አንስታ ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ እግሯ ሮጠ።

ትራሙ በበረዶ ቆሟል። ሮጠች። ወደ ማዕከላዊው የባቡር ጣቢያ፣ በደረጃው ወደ ታች።

ዘግይታለች።

ዜኖን መድረኩ ላይ ቆሟል፤ በአንድ እጁ ትንሽ ሻንጣ፣ በሌላው በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ። ግራና ቀኙን ሁለት ሰዎች ይዘውታል። አንደኛው ፓስፖርቱን ያገላብጣል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ እንኳን ልታስጥለው፣ ስሙን ብትጠራ እሱም እሷም ይጠፋሉ።

ዜኖን ቀና አለ። አያት።

ፓስፖርቱን የያዘው ሰውዬ ዓይኑን ተከተለ።

«አንተ! ይህችን ሴት ታውቃታለህ?»



ዜኖን መነጽሩን አውልቆ በከረባቱ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ በደንብ አያት።

«ከየት አውቃቸዋለሁ?» አለ። ከዚያ ወደ እሷ፦ «እመቤቴ፣ የክራኮው ባቡር በማዶ ነው። ቶሎ ይበሉ፣ ያመልጥዎታል።»

«አመሰግናለሁ» አለች።

ተሻገረች። ማዶ ቆማ ሲወስዱት አየች። ዳቦው ወድቆ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ሊያነሳው ሲል ጎተቱት። አልቻለችም፤ አለቀሰች፤ ባቡር ያመለጠው ሰው እንደሚያለቅሰው።

በጸደይ ከአናጢው ሰዎች መልእክት መጣላት። ዕቃው ደርሷል፤ ማግኔትነቱ በእነሱም መሣሪያ ተረጋግጧል፤ ግሩም ሥራ ነው። እሷም አንድ ቃል ብቻ ላከች፦ «ዜኖንስ?» የመጣላት መልስ አዲስ ስምና የሎጅ ከተማ የካልሲ ፋብሪካ አድራሻ ነበር።

ፋብሪካው ውስጥ ስሟ ሄንሪካ ነው። ከሽመና ማሽኑ ጋር ትውላለች። ማንም ብዙ አያናግራትም።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ አጠገቧ የምትቀመጠው ያድዚያ ጋዜጣ ዘርግታ ቋሊማ ትቆርጥበታለች። ከቅባቱ ሥር የዜኖን ፎቶ አለ። ስምንት ዓመት ተፈርዶበታል። የተሰረቀው ነገር ቆሻሻ ነው ብሎ ተከራክሯል፤ ዳኛው የአገር ሀብት ማንቋሸሽ ብለው ቅጣቱን አከበዱበት። ስባሪውን በብረት የነካው ማን እንደሆነ ሲጠየቅም «ደርሼበታለሁ፤ አልናገርም» ብሏል።

ቦግና ደጋግማ አነበበችው።

«አንቺ፣ ምነው ጠወለግሽ?» አለች ያድዚያ። ጋዜጣውን በቢላዋዋ ጫፍ ነካች። «ዘመድሽ ነው እንዴ?»

«አላውቀውም» አለች ቦግና።

«እንኳን አላወቅሽው። ከዳተኛ!» ያድዚያ ቋሊማውን በጋዜጣው ጠቀለለች።

ደወሉ ተደወለ። ሴቶቹ ወደ ማሽኖቻቸው ተመለሱ፤ ሄንሪካም ተመለሰች።