በግራ እጅ የሚፈታ ቋጠሮ

ወይዘሮ ቦጋለች አርብ ጠዋት ከአልጋቸው ሥር ሞተው ተገኙ።

አንገታቸው ተሰብሯል። ከሦስት ሳምንት በፊት የተሰበረው ቀኝ ክንዳቸው በቀርከሃ ስንጥርና በነጭ ጨርቅ እንደታሰረ ነው። ክፍሉ ወጌሻው ያሻቸው በነበረው ቅቤ ይሸታል። በሩ አልተገነጠለም፤ የጠፋ ዕቃም የለም።

አስከሬኑን ያገኘው ልጃቸው በላይ ነው። አርባ አራት ዓመቱ ነው። ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ከሄደች ወዲህ ከእናቱ ጋር ይኖራል። ደረጃው ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ያለቅሳል።

“ጋሽ በላይ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ” አለው መርማሪ አለማየሁ። “ለመጨረሻ ጊዜ ያየሃቸው መቼ ነው?”

“ትናንት ጠዋት። ቀኑን ከተማ ዋልኩ፤ ማታ ሚሽመሬት ገባሁ፤ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ከሥራ ስመለስ…”

“ትናንት ማን መጥቶ ነበር?”

“ያ ወጌሻ ነዋ! አስማማው። ሐሙስ ሐሙስ እየመጣ ያሻታል። ተይ ብያት ነበር፤ እምቢ አለች። እሁድ ከሮፋዋ ጋር ቶር ነበራት፤ ሌላ አስተርጓሚ ሁሉ ተገኝቶላት ነበር። ሳትደርስ ቀረች።”

አለማየሁ ሁሉንም ጻፈ። ሮፋ ሐኪም፣ ቶር ደግሞ ቀጠሮ ነው። እዚህ እስራኤል፣ ሀደራ ከተማ ያለ የኛ ሰው ግማሽ ዕድሜውን የሚጠብቀው እሱን ነው።

አለቃው አቭነር ግን መጠበቅ አይወድም።

“ያለቀ ጉዳይ ነው” አለ። “ጎረቤቶች ሽማግሌውን ከሰዓት በኋላ ሲገባና ሲወጣ አይተውታል። አንገቷን አቀናለሁ ብሎ ሰበረው። አምጣው።”

አለማየሁ በፈረንጆቹ 1991 ከኢትዮጵያ በመጣበት ዓመት፣ አዲስ መጤዎች በሚያርፉበት የካራቫን ሰፈር፣ የተሰበረ ክንዱን ያቀኑለት እኚሁ ሰው ናቸው። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። አሁን እሳቸውን አስሮ ማምጣት አስጠላው፤ ግን አመጣቸው።

አባባ አስማማው ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ወንበሩ ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

“ሐሙስ ከወይዘሮ ቦጋለች ቤት ነበሩ?”

“ነበርኩ።”

“ምን አደረጉ?”

“ፈታሁ፤ አሸሁ፤ መልሼ አሰርኩ። በሰላም ሸኙኝ።”

“አንገታቸውን ነክተዋል?”

“ልጄ፣ አንገት ነክቼ አላውቅም። እግርና እጅ ይበቃኛል።”

“ክንዳቸው መጀመሪያ በምን ተሰበረ?”

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ወለሉ መለሱ።

“እሱን አልናገርም። ቃል ሰጥቻለሁ።”

“ለማን?”

“ለሟች።”

“አባባ፣ በነፍስ ግድያ ይከሰሳሉ እኮ! እስር ቤት ሊሞቱ ነው!”

“ይሁን።”

አለማየሁ ጠረጴዛውን መታ። ከዚያ በራሱ አፈረና ወጣ።

የሰፈሩ ክሊኒክ የቤተሰብ ሐኪም ዶክተር ኖአ ናት። አጥንትና ጡንቻ በእጅ ማከምም ተምራለች። አባባ አስማማው ስብራት የጠረጠሩትን ሁሉ ለራጅ ወደ እሷ ይልካሉ፤ እሷም ስለ እጃቸው ክፉ አይወጣትም። አለማየሁ በዕብራይስጥ ጠየቃት።

“የቦጋለችን ራጅ ሳይ ደነገጥኩ” አለች። “አጥንቱ ተጠማዞ ነው የተሰነጠቀው። ሰው ጠምዝዞት ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ።”

“ጠየቅሻቸው?”

“ጠየቅኳት። ቤት ውስጥ የሚጎዳሽ አለ ወይ፣ አትፍሪ፣ ልንረዳሽ እንችላለን ብዬ ብዙ ተናገርኩ። ልጇ በሦስት ቃል ተረጎመው። እሷም ራሷን ነቀነቀች። ‘ወደቅኩ ነው የምትለው’ አለኝ።” ዓይኗ እንባ አቀረረ። “ያስተረጎምኩት በእሱ ነበር፤ ይታይሃል?”

“ከዚያስ?”

“ብርቱ የምትባል አስተርጓሚ አገኘሁ። ‘እሁድ ጠዋት ልጅሽ ሳይኖር ነዪ፤ ከብርቱ ጋር እንነጋገራለን’ የሚል ደብዳቤ በአማርኛ አስጻፍኩ። ሐሙስ ቀትር ላይ ራሴ በእጇ ሰጠኋት። ብቻዋን ነበረች። እንዲያ እንዲሆን ነው በአማርኛ ያስጻፍኩት፤ ራሷ እንድታነበው።”

“ማንበብ አይችሉም ነበር።”

“በአማርኛ እኮ ነው!”

“በምንም ቋንቋ። እናቴም አትችልም። ደብዳቤዋን የማነብላት እኔ ነኝ።”

ዶክተሯ አፏን በእጇ ያዘች። የወይዘሮ ቦጋለችን ደብዳቤ ማን እንደሚያነብላቸው መጠየቅ አላስፈለጋትም።

አለማየሁ ማስታወሻውን ገለጠ። በላይ ከሐሙስ ጠዋት በኋላ እናቱን አላየሁም ብሏል። ሌላ አስተርጓሚ መገኘቱን ግን ያውቃል።

ይህ ብቻውን ለአቭነር አይበቃም። አለማየሁ ወደ ጣቢያው ተመልሶ ቀኝ እጅጌውን ሰበሰበ።

“አባባ፣ ቃልዎን አያፍርሱ። ክንዴን ብቻ እንደ ስብራት ይጠቅልሉልኝ።”

ሽማግሌው ጨርቁን ተቀበሉ። ከእጅ አንጓው ጀምረው ወደ ላይ ጠቀለሉ፤ ጣቶቹን ክፍት ተዉ። የጨርቁን ጫፍ ከፊት፣ ወደ ሆዱ በኩል አምጥተው ሲስቡት በሚፈታ ቋጠሮ ቋጠሩት። አለማየሁ በግራ እጁ ሳበው። ወዲያው ላላ።

ትዝ አለው። ያኔ በካራቫኑ፣ “ካበጠብህ ማንንም አትጠብቅ፤ በደኅናው እጅህ ሳበው” ብለውት ነበር።

“ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያስሩት?”

“ቆልፌ ከሄድኩማ አብጦ ደም ይከለከላል፤ እጁ ይሞታል። ቋጠሮውን የበሽተኛው እጅ የሚደርስበት ቦታ ነው የማውለው።”

አለማየሁ የአስከሬኑን ፎቶ አስቀመጠላቸው። ጨርቁ ጣቶቹን ሸፍኗል። ቋጠሮው ከትከሻው ኋላ ነው፤ ሁለት ጊዜ ጠብቆ ታስሯል።

“ይህ የኔ አይደለም” አሉ። “እሳቸው ይህን መፍታት አይችሉም። ማን ነው እንዲህ አድርጎ ያሰራቸው?”

በላይ እሁድ ተጠራ። አቭነር ጥግ ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል።

“ጋሽ በላይ፣ ሌላ አስተርጓሚ መገኘቷን ማን ነገረህ?”

“እናቴ።”

“መቼ?”

“ረቡዕ ማታ።”

“ደብዳቤው የደረሳቸው ሐሙስ ቀትር ላይ ነው።”

“እንግዲያው… በስልክ ነግራኝ ይሆናል።”

“ያላነበቡትን?”

በላይ ዓይኑን ወደ በሩ መለሰ።

“በላይ።” ‘ጋሽ’ ቀረች። “ወጌሻው ከሄዱ በኋላ ጨርቁ ተፈትቷል። እናትህ በግራ እጃቸው ከትከሻቸው ኋላ መቋጠር አይችሉም። ማን አሰረው?”

በላይ ፎቶውን አየ። ትከሻው ወረደ።

“ልብስ ልቀይር ብዬ ወደ ማታ ገባሁ” አለ። “‘በአማርኛ ነው የጻፉልኝ፤ አንብብልኝ’ አለችኝ። ደስ ብሏት ነበር። ‘ልጅሽ ሳይኖር’ ይላል።”

“አነበብክላቸው?”

“ምን ልትነግሪያቸው ነው አልኳት። ክንዷን የጠመዘዝኩት እኔ ነኝ… አንድ ቀን ተናድጄ ነው። በሚመጣው ወር ፍርድ ቤቱ የልጆቼን ነገር ይወስናል። እናቱን የሚመታ ተብሎ ከተጻፈብኝ ልጆቼን አላያቸውም። ምንም አልነገርኩም እያለች ማለች። አላመንኳትም። ክንዷን ያዝኩት፤ ጨርቁ ተፈታ። ጮኸች፤ ገፋኋት። አንገቷ የአልጋውን ብረት መታው።”

“ከዚያ መልሰህ አሰርክ።”

“ወጌሻው እንደተዋት እንድትመስል።”

አቭነር ተነሥቶ ካቴናውን ራሱ አወጣ።

አባባ አስማማው ሲለቀቁ አለማየሁ በር ላይ ጠበቃቸው። ቃልዎን አላፈረሱም ሊላቸው ነበር።

“ልጁ ታሰረ?” አሉት።

“ታሰረ።”

“‘ልጄን እንዳታሳስርብኝ’ ብለው እግሬ ላይ ወደቁ። እጄ ያን ቀን አውቆት ነበር፤ ክንዱ የተጠመዘዘ ነበር። ያን ቀን ብናገር ለተሰበረ ክንድ ይታሰር ነበር። እሳቸውም ይኖሩ ነበር።” አለቀሱ።

ሁለት ወር ቤታቸውን ዘግተው ተቀመጡ። በሦስተኛው ዶክተር ኖአ ክሊኒኳ ውስጥ ወንበር ሰጠቻቸው፤ ብርቱም አጠገባቸው ተቀመጠች።

በመጀመሪያው ቀን አንዲት ወጣት ሴት ያበጠ የእጅ አንጓ ይዛ ገባች። ከደረጃ ወድቄ ነው አለች። ባሏ በሩ ላይ ቆሟል።

አባባ አስማማው አንጓዋን በሁለት እጃቸው ይዘው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቆዩ። ከዚያ ብርቱ ባልየውን ወደ ውጭ እንድታወጣ ጠየቁ። በሩ ተዘጋ።

“ልጄ” አሉ፣ “ማን ነው የጠመዘዘሽ?”