ደም ያልያዘው ቀንድ

አንዳርጌ የሞተው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነበር። እንደ ስማዳ ወግ ቢሆን ዕለቱን ይቀበር ነበር፤ ወንድሙ ቢሻው ግን ጠመንጃውን ታጥቆ ደጃፉ ላይ ቆመና ሬሳውን አላስነሣም ብሎ አስቸገረ። በእሱ ቤት ገዳዩ ታውቋል፦ በዋግምት ደም የሚያወጡት ሽማግሌው አያ ጓዴ ናቸው።

የሟች ሚስት ይታይሽም እንደዚያው ታምን ነበር። ባሏ መደቡ ላይ እንዳለ ዝም ሲልባት ሮጣ የጠራቻቸው እሷ ናት። ማጅራቱን በምላጭ ሲበጡ፣ ደም መምጠጫውን ቀንድ ሲደፉበት አይታለች። አንዳርጌ ግን ዓይኑን አልገለጠም።

በማግስቱ መቶ አለቃ ወልደማርያም ከወገዳ ከተማ በበቅሎ መጣ። ፖሊስ ከመሆኑ በፊት ድሬሰርነት፣ የሐኪም ረዳትነት፣ የተማረ ነው ይባላል። ቀጭን፣ ሳል የማይለየው፣ ሲያዩት እንኳን ነፍሰ ገዳይ፣ ዶሮ የሚይዝ የማይመስል ሰው ነው።

አያ ጓዴ ገና ሳይጠየቁ እጃቸውን ዘረጉለት። «እኔ ነኝ የገደልሁት ጌታዬ። እሰሩኝ» አሉት።

እሱ ግን ገመዱን ትቶ ቀንዱን ጠየቃቸው። ውስጡን አየ፤ ለወጉ ያህል ከመቅላት በቀር ደም አልያዘም። ሬሳውን አስገልብጦ ማጅራቱን መረመረ። ሦስቱ ብጣት ቆዳ ላይ የተጫረ መስመር ይመስላሉ። ጋቢው ላይም ደም የለም። ቀጥሎ ያበጠውን እግር በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ። መደቡ ላይ የተከመረውን ትራስ አይቶ ይታይሽን ጠየቃት፤ ከሐምሌ ወዲህ ከተጋደመ ስለሚታፈን ተደግፎ ነበር የሚያድረው አለችው። ከዚያ ዓይኑ ከመደቡ ሥር ባለው ዋንጫ ላይ ዋለ። አንሥቶ አሸተተው። ያኔ ይታይሽን፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቀው፣ ፍርሃት ያዛት።

ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰባቸው።

«ቢሻው፣ በግ ስታርድ ደሙ እንዴት ነው?»

«ይፈነጥቃል።»

«ሞቶ ያገኘኸውን በግ ብታርደውስ?»

«እሱማ በክት ነው። ምን ደም አለው?»

«ደም በራሱ አይሄድም። ልብ ነው እየተጨበጠና እየተፈታ የሚገፋው፤ ተኝተን እንኳ አያርፍም። እሱ ሲቆም ደሙ ባለበት ይቀራል። አያ ጓዴ የበጡት የሞተ ሰው ነው።»

ሽማግሌው መሬት ላይ ተቀመጡና እንደ ልጅ አለቀሱ። ቢሻው ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። ምነው ነገሩ እዚያ ላይ ባበቃ።

«ታዲያ ወንድሜን ማን ገደለው?» አለ ቢሻው።

መቶ አለቃው ሳለና ዋንጫውን አነሣ። የአንዳርጌ ልብ ከሐምሌ ጀምሮ መድከሙን፣ እግሩ ያበጠው፣ ትንፋሹ ያጠረው በዚሁ ምክንያት መሆኑን አስረዳ። የደከመ ልብ ትናንት ረፋድ ላይ ድንገት ለምን ቆመ? ዋንጫው ላይ የደረቀው ኮሶ ነው።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። በየሁለት ወሩ ኮሶ የማይጠጣ ማን አለ?

«ስንት ጠጣ?» አለ መቶ አለቃው፣ ወደ ማንም ሳያይ።

«ሁለት» አለች ይታይሽ። «እብጠቱን የትል መስሎኝ። ጎህ ሲቀድ የጠጣው አልሠራ ሲለው ደገምሁለት። አልፈለገም ነበር። ለአንቺ ስል ልጠጣው ብሎኝ ነው።»

መቶ አለቃው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሁለት ዋንጫ ጤነኛውንም እንደሚያዝለፈልፍ፣ በተቅማጥ የሰውነቱን ውሃ ሲጨርሰው የታመመ ልብ እንደማይችለው ነገራቸው። ክፋት የለም፣ የሚታሰርም የለም አለ። ቢሻው ጠመንጃውን ይዞ ዙሪያውን ተመለከተ። ወደ ማን ያዙረው? ግድግዳው ላይ አስደግፎት ሬሳውን ሊያነሣ ገባ።

«ጌታዬ» አለች ይታይሽ፣ «በአንዱ ብተወው ይኖርልኝ ነበር?»

ለሁሉም መልስ የነበረው ሰው ባርኔጣውን አወለቀ። «አላውቅም፣ እኅቴ» አላት።

ሬሳው ሲወጣ ይታይሽ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። እዚያ ውስጥ ልቧ፣ ልክ መቶ አለቃው እንዳለው፣ ይጨበጣል፤ ይፈታል። ቁም አለችው። አልሰማትም።