የሸለቆ ማዶ አይጥ

ያ ክረምት ከፋ። መስከረም ጠብቶም ዝናቡ አልቆመም። የካ ተራራ ሥር ጎርፍ ቤት ወሰደ፤ እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፍ ከነሥሩ እየተነቀለ መንገድ ዘጋ። ድንች መሬት ውስጥ በሰበሰ። ቅጠል ለቃሚዎች ቤታቸው ዋሉ።

በዚያ ክረምት መጨረሻ ዶክተር ባሮክ እንጦጦ ላይ ገደል ሥር ሞቶ ተገኘ። የአይጥ ዘሮችን የሚያጠና ሰው ነበር። እጁ አጠገብ የቆርቆሮ ወጥመድ ወድቋል፤ ውስጡ አንዲት አይጥ በሕይወት አለች። ያየ ሁሉ «ወጥመዱን ሊያነሣ ሲል አዳልጦት ነው» አለ። ሐኪሙ ግን ከቁስሉ ውስጥ የሲሚንቶ ፍርፋሪ አወጣ። ገደሉ ሥር ከጭቃና ከድንጋይ በቀር ምንም የለም።

ሬሳውን ያገኘው ጠዋት ከቤት አጥቶት ሊፈልገው የወጣው የሟቹ ዘበኛ ገላው ነበር። ኢንስፔክተር ዓምደ ሚካኤል ይህን ስም ሲሰማ ቆቡን እንዳደረገ አንገቱን ደፋ። ከዓመታት በፊት የቤተ ክርስቲያን መስቀል ጠፍቶ ገላውን ያሰረው እሱ ነው። ማስረጃ አልነበረውም፤ ልጁ በአቅራቢያው ስለተገኘ ብቻ ነው። እውነተኛው ሌባ በኋላ ሌላ አገር ተያዘና ገላው በዝምታ ተለቀቀ። ሰፈሩ አልሰማም። አባቱም ልጄ ሌባ ነው እንዳሉ ሞተው ነበር።

«ደህና ነህ ገላው?»

«እርስዎ ካልመጡ ደህና ነኝ።»

«ማታ የት አደርክ?»

«ወሰን ሰፈር፣ እህቴ ቤት።»

«ምስክር አለህ?»

«ለእኔ ምስክር ማን ሰምቶ ያውቃል?»

ስልኩ ጮኸ። አዛዡ ነበሩ። «ሌባ የነበረ ሰው ዛሬ ገደለ፤ ምኑ ይገርማል? አስገባውና ፋይሉን ዝጋ።»

«ነገ ሬሳው እስኪወጣ ጊዜ ይስጡኝ» አለ ዓምደ ሚካኤል።

ዶክተሩ የካ፣ አቀበቱ ላይ ነበር የሚኖረው። ከዋናው ቤት ኋላ አይጦቹን በሽቦ ቤት የሚያኖርበት ክፍል አለ። ቁልፉ ከሟቹ ሌላ ሦስት ሰዎች ዘንድ ነበር፤ ገላው፣ ተማሪው የነበረችው ሥርጉት፣ ታናሽ ወንድሙ በአምላክ።

በአምላክ ጥቁር ለብሶ፣ ዓይኑ ቀልቶ ተቀበለው። አውራ ጣቱ በፕላስተር ታስሯል።

«ጣትዎን ምን ነካው?»

«የድንኳኑ ሽቦ ቆረጠኝ።»

«ከወንድምዎ ጋር ትስማሙ ነበር?»

«እንደማንኛውም ወንድማማች። የአባታችን ይዞታ እንጦጦ አናት ላይ ነው። ሎጅ ልሠራበት ነበር። እሱ ደግሞ እዚያ ያለችው አይጥ ሌላ ቦታ የለችም፣ አትነካ ይላል።» ራሱን ነቀነቀ። «ኢንስፔክተር፣ አይጥ አይጥ ናት። አይደለም እንዴ?»

ዓምደ ሚካኤል የታሰረውን ጣቱን አየ።

ሥርጉት ክፍሉ ውስጥ ስታለቅስ አገኛት። ወጥመዱን ጠረጴዛው ላይ አኖረላት።

«ይቺን ልጄ፣ እስኪ እያት።»

የጨርቅ ከረጢት ከወጥመዱ አፍ አገናኘችና አይጧን ወደዚያ አሾለከቻት። ማጅራቷን በጨርቁ ላይ ይዛ ሆዷን ገለበጠች። ልቅሶዋን ረሳች።

«ይቺ የእንጦጦ አይደለችም! ሆዷ ቀይ ነው። የእንጦጦዋ አመድማ ናት። ይቺን ከአርሲ ተራራ ነው ያመጣናት።»

«በእግሯ ልትመጣ አትችልም?»

«በምን በኩል? መሃል ላይ ስምጥ ሸለቆ አለ። እነዚህ ብርድ የለመዱ ናቸው፤ ቆላውን አያቋርጡም። ለእኛ መንገድ ነው፣ ለእነሱ ግን ባሕር ማለት ነው። አንድ ዘር ነበሩ፤ ተለያይተው ሲኖሩ ሲኖሩ ሁለት ሆኑ።»

«በባዶ እጅ ቢይዟትስ?»

«እስከ አጥንት ነው የምትነክሰው። እኔም ገላውም ያለ ከረጢት አንነካትም።»

ከአርሲዎቹ ረድፍ አንዱ የሽቦ ቤት ባዶ ነበር። ዓምደ ሚካኤል ወደ ጓሮ ወጣ። የክፍሉ ደረጃ ሲሚንቶ ነው፤ አንዱ ጠርዝ በቅርብ ተሸርፏል።

በማግሥቱ ሰፈሩ ድንኳን ውስጥ ተሰበሰበ። ሳጥኑ ሊነሣ ሲል ኢንስፔክተሩ ወደ እድሩ ዳኛ ወደ አቶ ሙዘይን ጠጋ አለ።

«ጥቂት ልናገር።»

«እዚህ? በልቅሶ ላይ?»

«ሰፈሩ ይስማ። ባለፈው አልሰማም።»

ሙዘይን እጃቸውን አነሡ። ድንኳኑ ጸጥ አለ።

«ዶክተር ባሮክ ከገደል አልወደቀም። የሞተው እዚሁ ጓሮ፣ ሲሚንቶው ደረጃ ላይ ነው። ሬሳውን ገደሉ ሥር የወሰደው ሰው፣ ሥራ ላይ የሞተ እንዲመስል ወጥመድ አስቀመጠለት፤ ወጥመዱ እውነት እንዲመስል አይጥ ጨመረበት። አይጧን ያወጣት ከዚህ ቤት ነው። ቁልፍ ያላቸው ሦስት ናቸው። ሥርጉትና ገላው የአርሲን አይጥ እንጦጦ ላይ አያስቀምጡም፤ በዓይናቸው ይለያሉ። ያስቀመጠው ሁሉም አይጥ አንድ የሚመስለው ሰው ነው። አያያዟንም አያውቅም።» ወደ በአምላክ ዞረ። «ፕላስተሩን ይፍቱት።»

በአምላክ አልፈታውም። ጣቱን በሌላው እጁ ሸፈነ።

«ገፋሁት» አለ። «ገፋሁት እንጂ አልመታሁትም። ለአይጥ ብለህ የአባቴን መሬት ትከለክለኛለህ ወይ አልኩት። ደረጃው ርጥብ ነበር። ጠራሁት... ወንድሜ ብዬ ጠራሁት።» መሬት ላይ ተቀመጠ። ማንም አላነሣውም።

ዓምደ ሚካኤል ግን አልጨረሰም። ቆቡን አወለቀ።

«ገላው ትናንት ለእስር ታስቦ ነበር፤ ዱሮ አስሬው ስለነበር። መስቀሉን የሰረቀው እሱ አልነበረም። ይህን ካወቅሁ ዓመታት አልፈዋል፤ አልተናገርኩም።»

ሕዝቡ ወደ ገላው ዞረ። ገላው ከድንኳኑ ምሰሶ ሥር ቆሞ ነበር።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አለው ኢንስፔክተሩ።

«ለእኔ አይንገሩኝ» አለ ገላው። «እኔማ አውቃለሁ።»

ዓምደ ሚካኤል ገባው። ከቀብሩ በኋላ ሰው ሲበተን ሁለቱ ቀሩ። ገላው ቀድሞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥግ መራው። ጎርፍ የአባቱን መቃብር ድንጋይ አጋድሞታል። ዝናቡ እንደገና ጀመረ።

ዓምደ ሚካኤል ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

«አባቴ» አለ፣ «ልጅዎ አልሰረቀም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

 ገላው ጎንበስ ብሎ የድንጋዩን አንድ ጎን ያዘ።

«በዚያ በኩል ይያዙልኝ» አለ።

አብረው አቆሙት።